አባቴና ወንድሜ የጠበቁት ጋራ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ልደታ ሰፈር የኖረ ሰው የዚያን ጊዜ ዝምታ አይረሳውም። በየቤቱ ወጣት ወንድ አይታይም ነበር። ግማሹ ግንባር ነው፤ ግማሹ አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ውስጥ፣ ገጠር ዘመድ ጋ ተደብቋል። እናቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥለው "ወሬ አለ?" ይባባላሉ። የምን ወሬ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወንድሜ ግርማ ከተደበቁት አልነበረም። ቀበሌ ይዞት የሄደው አባታችን ራሱ ነው። አባባ፣ ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ቱሉ የሚለው፣ በጃንሆይ ጊዜ ሰሜን ብዙ ዓመት የዘመተና እግሩ ቆስሎ በጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ እናቴ ግርማን አምቦ፣ አያቶቻችን ጋ ልትልከው ስንቁን ቋጥራ ነበር። አባባ ስንቁን ፈታው።

"እኔ የለበስኩትን ልጄ ቢለብስ ምን ነውር አለው?" አላት። "ጊዜው አጭር ነው። ሰው ሆኖ ይመለሳል።"

ግርማ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር። ሳቂታ ነው። ከብየዳው ፍንጣሪ የተነሳ ቅንድቡ ሁልጊዜ ለብለብ እንዳለ ነው፤ እኔ በዚያ ስቀልድበት "አንቺ ደግሞ መርፌ ወጋሽ አይደል?" ይለኝ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኛል፤ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የወታደር ሸሚዝ ኪስ እሰፋለሁ። አንዷ አንገቱን ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌውን፤ የኔ ድርሻ ኪሱ ነው። ግርማ ከሄደ በኋላ እያንዳንዱን ኪስ ስጨርስ መዳፌን አገባበትና፣ ይሄኔ ይሄ በማን ልብ ላይ ይውላል እያልኩ አስብ ነበር። የአገልግሎቱ ጊዜ አለቀ። አልለቀቁትም። ሌላ ጊዜ ተጨመረ፤ እሱም አለቀ።

አንድ ሐሙስ፣ ዝናቡ ሊገባ ደመናው ሲከብድ፣ ከሥራ ስመለስ አንድ ወታደር የግቢያችንን አጥር ተደግፎ ውጭ ተቀምጧል። ፊቱ ከስሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። መንገደኛ መስሎኝ ላልፈው ስል "ጽጌ" አለኝ።

ድምፁን ነው ያወቅኩት፤ ፊቱን አላወቅኩትም።

"ግርማ? ምን ትሠራለህ እዚህ? ለምን አትገባም?"

"ትንሽ ልስማችሁ ብዬ ነው" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "እማዬ ዕቃ ታጥባለች። አባባ ሬዲዮኑን ይነካካል። እዚያ ሆኜ ሁሌ፣ አሁን ቤት ውስጥ ምን ድምፅ ይኖራል እያልኩ አስብ ነበር። ስደርስ መስማት አማረኝ።"

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እውነትም እናቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። የትሪ ድምፅ ይሰማል። እንደዚያ ዝም ብለን የሰማንበት ጊዜ አጭር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የኖርኩትን ዘመን ሁሉ ያህል ይረዝምብኛል።

እናቴ ስታየው አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና መጀመሪያ ጆሮዎቹን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። አባባ ከወንበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግርማም ቀጥ አለ። ሁለቱ ሰላምታ የሚለዋወጡ ወታደሮች መስለው ቆዩና አባባ ቀድሞ ተረታ፤ አንገቱን አቅፎ ሳመው።

የመጣው የቆሰለውን አዛዡን በአውሮፕላን አጅቦ ነው። አዛዡን ሆስፒታል አስረከበ፤ ለእሱ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ሰጡት። ቅዳሜ ከሜክሲኮ ወዲያ ባለ አንድ የጦር ግቢ ቀርቦ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እናቴ ልብሱን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ ግቢው ውስጥ ታጥባለች። አባባ ግርማን በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አስሮ ፀጉሩን በመቀስ ይቆርጥለታል። ልጅ ሆነን ሁለታችንንም የሚቆርጠን እሱ ነበር። እኔ ያን ቀን ከሥራ ቀርቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ።

"ለመሆኑ የት ነው ያላችሁት?" አለ አባባ።

"ከከረን አለፍ ብሎ። አንድ ጋራ ላይ።"

"ስሙ ማን ነው?"

"ካርታው ላይ በቁጥር ነው። እኛ ግን 'ጡረታ' ነው የምንለው። የወጣ አይወርድም ለማለት ነው።"

አባባ ፈገግ አለ። የወታደር ቀልድ ይወድ ነበር። "መልኩስ?"

"አናቱ መሀል ላይ ዝቅ ይላል፣ ሁለት ጫፍ አለው። ከሥሩ የደረቀ ወንዝ አለ። ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ ስንቆፍር ውሃ እናገኛለን።"

"ጨው ጨው የሚል ውሃ" አለ አባባ።

ግርማ ፎጣውን እንደለበሰ ዞር አለ። "እንዴት አወቅክ?"

"እኛ 'ኮርቻ' ነበር የምንለው።" አባባ መቀሱን ይዞ ቆሟል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ይሁን ድንጋጤ ለመለየት ይከብዳል። "አንድ በጋ ሙሉ ጠብቄዋለሁ። አንተ ገና አልተወለድክም። የምሥራቁ ጫፍ ላይ ነበር የኛ ጓድ።"

"እኔም የምሥራቁ ጫፍ ላይ ነኝ።"

እናቴ ልብስ ማሸቷን አቆመች።

"እዚያ ጫፍ ላይ" አለ አባባ፣ "የተካበ የድንጋይ ክምር አለ። የእንጨት መስቀል ተክለንበት ነበር፤ እንጨቱ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ድንጋዩ ግን አለ አይደል?"

ግርማ ፎጣው ላይ የወደቀውን ፀጉር በጣቱ እየለቀመ ቆየ።

"ነበር" አለ በመጨረሻ። "ምሽግ ሠራንበት።"

"ሁሉንም?"

"ድንጋይ ፍለጋ ራቅ ማለት አይቻልም ነበር አባባ። ይተኩሱብናል። ቅርብ ያገኘነው እሱን ነው።"

"ከሥሩስ?"

"አጥንት ነበረበት። የነሱ ሰው መሰለን።"

"ምን አደረጋችሁት?"

ግርማ ቃሉን አልጨረሰም፤ "ወደ ገደሉ" አለና አንገቱን ደፋ።

አባባ መቀሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ለማናችንም ሳይሆን ለግቢው የሚናገር መስሎ "ሞገስ ነው" አለ። "አስር አለቃ ሞገስ። አብረን ነው የተቀጠርነው። ስንቀብረው ሻምበላችን፣ ይህ ጋራ ከእንግዲህ አይለቀቅም፣ የሞገስ አጥንት ይጠብቀዋል አለን። ሁላችንም አለቀስን። ክረምቱ ሲገባ ለቃችሁ ውረዱ ተባልን፤ ወረድን።"

"እኛም ለቀን ወርደን ነበር" አለ ግርማ። "ከዚያ መልሰን ወጣን። ስንወጣ ብዙ ልጅ አለቀ።"

"ለምንድን ነው የምትይዙት?"

"መንገዱ በሥሩ ስለሚያልፍ።"

"መንገዱ የት ይሄዳል?"

ግርማ አሰበ። ሊቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ አስቦ ነው የመለሰው። "ወደ ሌላ ጋራ።"

አባባ ፀጉሩን መቁረጥ ቀጠለ። ሐሳቡ ጋራው ላይ ስለነበር የግራው ጎን ከቀኙ አጠረ። ማንም አልሳቀበትም።

ከሰዓት በኋላ እኔና ግርማ ከቤቱ ጀርባ የታጠበውን ልብስ እያሰጣን ለብቻችን ሆንን። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩትን ነገርኩት።

"አትመለስ። ነገ በጠዋት አምቦ መኪና ተሳፈር። የአባባ ወንድሞች ጫካ ውስጥ እንኳን ቢሆን ይደብቁሃል።"

"ቀበሌ መጥቶ አባባን ሲወስደውስ?"

"አባባ ምንም አይሆንም። የድሮ ወታደር ነው።"

"የድሮ ወታደር ስለሆነ ነው የሚብስበት።" ሸሚዙን ገመዱ ላይ አቃንቶ ሰቀለ። "ደግሞ ስሚ ጽጌ፤ እኔ ብቀር ምሽጉ ባዶ አይሆንም። የሆነ ልጅ ከሆነ ቤት አውጥተው እዚያ ያስቀምጡታል። ያ ልጅ ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እተኛለሁ?"

ተናድጄ "እነዚያን የሚተኩሱባችሁን ሰዎች ትጠላቸዋለህ?" አልኩት። ለምን ያን እንደጠየቅኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እንጃ። ቅርብ ናቸው እኮ። ሲያስሉ ይሰማናል። በነሱ በኩል አንዲት ሴት አለች፤ ጠዋት ጠዋት ትዘፍናለች። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ዜማውን ሁላችንም ይዘነዋል። አንድ ቀን ትልቅ ውጊያ ሆነና በማግስቱ ጠዋት ሳትዘፍን ቀረች። የኛ ምሽግ ጭጭ አለ። ሻይ የሚያፈላው ልጅ እንኳን እሳቱን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል። በሦስተኛው ቀን መሰለኝ ዘፈነች። ከመሀላችን አንዱ 'ተመስገን' አለ። ማን እንዳለ አልጠየቅንም።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ጦርነቱ አላወራንም። የሰፈሩን ልጆች ጠየቀኝ፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ። የምወዳት ልጅ ነበረች አላለኝም፤ ግን ስለ አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አግብታለች አልኩት። "ጥሩ አደረገች" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ግርማ ለመሄድ ሲዘጋጅ አባባ ካፖርቱን ለብሶ፣ ከሳጥን ያወጣቸውን ሜዳሊያዎች ደረቱ ላይ ደርድሮ ብቅ አለ። ሊሸኘው መሰለን። እኔም ተከተልኳቸው። ከልደታ ሜክሲኮ በእግር ወጣን። አባባ እያነከሰ መሀላችን ይሄዳል፤ ማንንም አያናግርም።

የጦር ግቢው በር ላይ ወታደሮች ተሰብስበዋል። ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ አንድ ሻለቃ ተቀምጧል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን ቀልቷል። አባባ ወደ እሱ ሄዶ ሰላምታ ሰጠ። ሻለቃው ሜዳሊያዎቹን አየና ከመቀመጫው ተነሳ።

"ምን ልታዘዝ አባቴ?"

"ጌታዬ" አለ አባባ። "ጓድ" ማለትን አፉ አልለመደም ነበር። "ይህ ልጄ ነው። የሚጠብቀውን ጋራ እኔ አውቀዋለሁ። ጠብቄዋለሁ። ውሃው የት እንዳለ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሱን ይተዉልኝና እኔን ይላኩኝ።"

ግርማ "አባባ!" አለና ክንዱን ያዘው። አባባ እጁን አስለቀቀ።

ሻለቃው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። "እንደዚህ ያለ ነገር የለም አባቴ። ያውቁታል።"

"አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ስወጣው፣ ከያዝነው ሰላም ይሆናል አሉኝ። ልጄ ሲወጣው ያንኑ ብለውታል። ያ ጋራ ሲያዝ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከነገረኝ ልጄን መርቄ እሸኘዋለሁ።"

በዙሪያችን የነበሩት ወታደሮች ወሬያቸውን አቆሙ። እኔ ፈራሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ሻለቃው ወደ ግቢው በር ዞር ብሎ ተመለከተ፤ የሚሰማ አለቃ መኖር አለመኖሩን የሚያይ ይመስለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባቴ፣ ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ፊት እንዳይደግሙት። ስለ ልጅዎ ይበሉ።" ወደ ግርማ ዞረ። "አንተ፣ ሰኞ ሌላ አውሮፕላን አለ። ዛሬ ታመሃል። ሰኞ ጠዋት ትቀርባለህ።"

"እሺ፣ ጓድ ሻለቃ።"

አባባ እንደገና ሰላምታ ሰጠ። ሻለቃውም ሰጠው። ለጥያቄው ያገኘው መልስ ያ ነበር፤ አንድ እሑድ።

ያን እሑድ ምን አደረጋችሁበት ብትሉኝ፣ ምንም። ግርማ ተኛ። በእናቴ አልጋ ላይ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ፀሐይ እግሩ ላይ እያረፈች እስከ ቀትር ድረስ ተኛ። አባባ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ዝንብ እሽ ይላል። ግርማ መጥቷል ሲባል የሰማ ጎረቤት በር ላይ ብቅ ሲል አባባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይመልሰዋል። እናቴ ወጥ ሠርታ ትመጣለች፤ ታየዋለች፤ ትመለሳለች። ልትቀሰቅሰው አልፈለገችም፤ ግን እንቅልፉ የእሷን ሰዓት እየበላባት እንደሆነም ታውቅ ነበር። እኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ ትንፋሹን እሰማለሁ። አንዴ በእንቅልፍ ልቡ ደንግጦ እጁን ሲወረውር አባባ እጁን ያዘለትና ነቅቶ እስኪነሳ ድረስ አልለቀቀውም።

ሲነሳ በላን። ማምሻውን ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ በዝግታ እየተጨዋወቱ ሲመለሱ ከሩቅ አየኋቸው። አባባ የግርማን ክንድ ተደግፎ ነበር። በሕይወቱ ሰው ተደግፎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አልነገሩኝም።

ሰኞ ጠዋት ግርማ ማንም እንዳይሸኘው ለመነ። እናቴ ያዘጋጀችለትን በሶ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት። አባባ ግንባሩን ሳመውና "ራስህን ጠብቅ። ጋራውን ተወው" አለው። ከአንድ ሃምሳ አለቃ አፍ የወጣ ትእዛዝ ነበር። ግርማ ሳቀ። እኔ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ውይይት ታክሲ ቆመለት፤ ከኋላ ወጥቶ ከሰዎቹ መሀል ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ያልተስተካከለው ፀጉሩ ይታየኛል። ታክሲዋ ወደ ሜክሲኮ ታጠፈች።

ከዚያ በኋላ አላየነውም።

መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩ በየአቅጣጫው በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ገባ። እናንተም አይታችሁት ይሆናል፤ ጫማ የሌለው፣ የሚለምን፣ ስሙን የሚጠራለት የሌለ። አባባ በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ እየሄደ ይቆማል። የሚያልፈውን ሁሉ "ከከረን ነህ ልጄ?" ይላል። አንድ ቀን አንዱን ይዞት መጣ። ልጁ የግርማ ጓድ ነበር። እያበላነው ነገረን፤ ግንባሩ ሲፈርስ ከጋራው አብረው ወርደዋል፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ተኩስ በዛና ተበታተኑ። ግማሹ ወደ ሱዳን ሄደ፤ ግማሹ ተማረከ። "ግርማን ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው በሕይወት ነበር" አለን። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን ስንት ዓመት እንደኖርን ለእናንተ መናገር ይከብደኛል። ከማንም መርዶ አልመጣልንም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ፍትሐት አይደረግም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፤ ብለብስ እገድለዋለሁ ትል ነበር። አባባ ስለ ዘመቻ ማውራት ተወ። የድሮ ጓደኞቹ ሲመጡ ይሰማቸዋል እንጂ አይጨምርም። እሱ ሲሞት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ በዚያ አንድ ለቅሶ ሁለት ሰው አለቀስን። እናቴ ስታስቀምጥ የኖረችውን እንባ ያን ቀን አወጣችው።

እኔ ፋብሪካውን የለቀቅኩት ግርማ በሄደ በዚያው ክረምት ነው። ኪስ መስፋት አልቻልኩም። በኋላ አግብቼ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ልጄ አድጎ፣ በዚያው በሰሜን ሌላ ጦርነት ሲነሳ፣ "እዘምታለሁ" አለኝ። አስቀምጬ ይህንን ታሪክ ሁሉ ነገርኩት፤ ሻለቃውንም፣ ሞገስንም። በትዕግሥት ሰማኝና "እማዬ፣ ሁሉም እናት እንዲህ ካለ አገሩን ማን ይጠብቃል?" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። አባባ የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው ያወረስኩት፤ ከመሄድህ በፊት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ፈልግና ጠይቅ፤ ካገኘህ እኔም እመርቅሃለሁ አልኩት። ጠይቆ እንደሆነ አላውቅም። ቀረልኝ። የሌሎች እናቶች ልጆች ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከናንተ መሀል የሄደበት የማይታወቅ ሰው ያለው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ አሁን አባባ ያን ቅዳሜ ከነበረበት ዕድሜ በልጫለሁ። ግርማ ቢኖር ፀጉሩ ይሸብት፣ ምናልባትም ይመለጥ ነበር። ልደታ ታክሲ ስጠብቅ የእሱን ቁመት የሚያህል ወጣት ሲወርድ ልቤ ይዘላል፤ ወዲያው ግን፣ ይህ እኮ የእሱ ልጅ ቢሆን እንጂ እሱ ሊሆን አይችልም እላለሁ። ሽማግሌ ሲያልፍ ደግሞ ፊቱን ትኩር ብዬ አየዋለሁ፤ እዚያም አላገኘውም። እናንተስ የምትናፍቁትን ሰው በየትኛው መልኩ ነው የምትጠብቁት? እኔ መምረጥ አልሆነልኝም። ሁለቱንም እጠብቃለሁ።